ከጋሽ ዘርጋው ጀርባ ያለው መስኮት

አንዲት እናት ነበረች ስላችሁ «ትኑርልን!» በሉ። ምነው ዝም አላችሁ? በሉ እንጂ! እሺ፣ እንዲያ ነው።

ስሟ ይርገዱ ነው። ሶልያና የምትባል ልጅ ወለደች፤ ልጅቱ ግን ምን እንዳስቸኮላት እንጃ፣ ወሯ ሳይደርስ ከች አለች። ያዋለደቻት ነርስ ታዲያ፣ «ይቺ ልጅ ሳንባዋ ገና ነው። ሰው በሚስልበት በተዘጋ ቤት እንዳታቆያት፣ አደራ!» አለቻት። ይርገዱም አደራውን ቃል በቃል ያዘችው።

የክትባቱ ቀን ሲደርስ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ከተማው ብርዳም ነው፤ ዝናቡም ያን ዕለት ዶፍ ነው። አዳራሹ ውስጥ ገባች። ውይ፣ የሰዉ ብዛት! ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል፣ መስኮቱም ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ጥግ ላይ አንድ ጎልማሳ እህ እህ እያለ ይስላል፣ ከጎኑ ያለችው ሴትዮ ታስነጥሳለች፤ ሳሉም ማስነጠሱም መውጫ አጥቶ እዚያው ሲዞር ይውላል። ግድግዳው ሳይቀር አልቦታል።

«እንዳልወጣ ዝናብ፣ እንዳልቆይ ሳል! ዛሬ ሳላስከትባት ብመለስ ደግሞ ሌላው ቀጠሮ መች ሊደርስ ነው? ወይኔ ልጄን!» አለች ይርገዱ። የፈለገችው እኮ ትንሽ ነገር ነው፤ መስኮቱ ገርበብ እንዲልላት ብቻ።

መስኮቱ ሥር ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ጋሽዬ፣ እባክዎ ይቺን መስኮት ትንሽ ልክፈታት። ለልጄ ነው።»

«ምን? ንፋሱን በማጅራቴ ልታስገቢብኝ? እኔ ንፋስ ከመታኝ አበቃልኝ፣ ልጄ! አንገቴን በሻርፔ ሳልጠመጥም መስኮቷ ንቅንቅ አትልም። ሻርፑ ደግሞ ባለቤቴ ጋ ነው፣ እዚያ በሩ አጠገብ።»

ኧረ ጉድ! ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን አይጠመጥሙ፣ መስኮቱ አይከፈት፣ አየሩ አይገባ፣ ሶልያና ደህና አየር አትስብ!

ይርገዱ ልጇን እቅፍ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። የጋሽ ዘርጋው ባለቤት እትዬ ወርቅያንጥፉ ጉልበታቸውን በሻርፑ ሸብ አድርገው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ሻርፑን ለጋሽ ዘርጋው ይስጧቸው፤ አንገታቸውን ሊጠመጥሙበት ነው።»

«እሱ አንገት ስላለው እኔ ጉልበት የለኝም?» አሉ እትዬ ወርቅያንጥፉ። «በበሩ ሥር የሚገባው ብርድ ጉልበቴን ጨረሰው እኮ! ያ ሾፌር መሀል ቦታ ላይ ተንፈላስሶልሻል። እሱ ተነሥቶ እኔ እዚያ ካልተቀመጥኩ ሻርፑ አይወርድም።»

እንግዲህ እትዬ ወርቅያንጥፉ ሻርፑን አይሰጡ፣ ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን አይጠመጥሙ፣ መስኮቱ አይከፈት፣ አየሩ አይገባ፣ ሶልያና ደህና አየር አትስብ!

ሾፌሩ ሽብሩ እግሩን ዘርግቶ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ እዚህ ቦታ ለእትዬ ብትለቅላቸው ምን አለበት?»

«ደስ ይለኝ ነበር፣ እህቴ። ግን እዚህ ቤት ወረፋ የሚያዘው በመቀመጫ ነው። የተነሣ ተበላ ማለት ነው! ከጠዋት ጀምሮ ሽንቴን ይዤ የተቀመጥኩት ለምን ይመስልሻል? ስሜ ሲጠራ ብቻ ነው የምነሣው። ካርድ ክፍል ያለችዋ ደብሪቱ ትጥራኝ።»

ይኸው! ሽብሩ ከቦታው አይነሣ፣ እትዬ ወርቅያንጥፉ ሻርፑን አይሰጡ፣ ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን አይጠመጥሙ፣ መስኮቱ አይከፈት፣ አየሩ አይገባ፣ ሶልያና ደህና አየር አትስብ! ጥግ ያለው ጎልማሳ ደግሞ ይሄን ጊዜ ደረቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳለ። ይርገዱ የልጇን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችና ወደ ካርድ ክፍሉ ሮጠች።

«ደብሪቱዬ፣ በሞቴ ሽብሩን ጥሪልኝ!»

«ምን ላድርግ የኔ እናት?» አለች ደብሪቱ። «ዶክተር ናሁሠናይ የሚቀጥለው ይግባ ሳይሉኝ ብጠራ ጣጣው ለኔ ነው። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ድምፃቸው ጠፍቷል። ሂጂ ራሳቸውን ጠይቂያቸው።»

ድከሙ ሲላችሁ! ደብሪቱ ስም አትጠራ፣ ሽብሩ ከቦታው አይነሣ፣ እትዬ ወርቅያንጥፉ ሻርፑን አይሰጡ፣ ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን አይጠመጥሙ፣ መስኮቱ አይከፈት፣ አየሩ አይገባ፣ ሶልያና ደህና አየር አትስብ! እኔ ተራኪው እንኳ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ይርገዱማ እንዴት ትሁን።

የዶክተሩ ክፍል ከዚያው ከአዳራሹ በቺፑድ የተከፈለ ነው። ቺፑዱ ጣሪያ አይደርስም፤ ክፍሉም የራሱ መስኮት የለውም። ይርገዱ አንኳኩታ ገባች። ዶክተር ናሁሠናይ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል።

«ዶክተር፣ ምነው? የሚቀጥለውን ለምን አይጠሩም?»

«ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ እህቴ። ጠዋት ደህና ነበርኩ። አዳራሹ ታፍኗል፤ የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ በዚህ በቺፑዱ አናት እየዞረ እዚህ ይገባል። እንዲህ ባለ ቤት የአንዱ ሳል የሁሉም ነው። መስኮት ክፈቱ ብዬ ለፍልፌ ለፍልፌ ሰለቸኝ፣ ማን ሊሰማኝ! በሉ እንግዲህ፣ መስኮቱ ሳይከፈት እኔም የሚቀጥለው ይግባ አልልም።»

ይርገዱ መጀመሪያ ልታለቅስ ነበር። ከዚያ ሳቋ መጣ። ከዚያ ደግሞ ተናደደች፤ ሲናደዱ ድምፅ ይጨምራል፣ ድምፁም በቺፑዱ አናት አልፎ አዳራሹን ሞላው።

«ዶክተር! እርስዎ ካላዘዙ ደብሪቱ ስም አትጠራም፤ ደብሪቱ ካልጠራች ሽብሩ ከቦታው አይነሣም፤ ሽብሩ ካልተነሣ እትዬ ወርቅያንጥፉ ሻርፑን አይሰጡም፤ ሻርፑ ካልመጣ ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን አይጠመጥሙም፤ እሳቸው ካልጠመጠሙ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ደግሞ እርስዎ አያዙም! ታዲያ ልጄ በማን በኩል ትተንፍስ?»

አዳራሹ ሁሉ ወደ ቺፑዱ ዞረ። የሚያስለው ጎልማሳ እንኳ ሳሉን ዋጥ አደረገ። ሁሉም ስሙን ሰምቷላ! እትዬ ወርቅያንጥፉ ጉልበታቸውን አዩ፣ ሽብሩ ኮፍያውን ቀና አደረገ፣ ጋሽ ዘርጋውም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ዶክተር ናሁሠናይ ቀና አሉ። «አንቺ! ለካ መስኮቱን የዘጋሁት እኔው ነኝ!» አሉና ራስ ምታታቸውን እንደያዙ ሳቁ። ከዚያም ተነሥተው፣ «ደብሪቱ! የሚቀጥለው ይግባ!» ብለው ጮኹ።

በሉ እንግዲህ ያዙኝ! ዶክተሩ አዘዙ፣ ደብሪቱ «ሽብሩ!» ብላ ተጣራች፣ ሽብሩ ብድግ አለ፣ እትዬ ወርቅያንጥፉ መሀል ቦታ ላይ ዘፍ አሉ፣ ሻርፑ ከጉልበት ወረደ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ፣ ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን ጠመጠሙ፣ አፋቸውንም ጠመጠሙ፣ ዓይናቸው ብቻ እስኪቀር ጠመጠሙ፣ መስኮቱ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፣ አየሩ ገባ! የዝናብ ሽታ ይዞ ገባ። ያ ሲዞር የዋለ ሳልና ማስነጠስም መውጫ አገኘ። ጎልማሳው ማንም ሳይነግረው አፉን በክንዱ ሸፍኖ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ይርገዱ ከሶልያና ፊት ላይ ነጠላውን ገለጥ አደረገች፤ ልጅቱም አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። እፎይ!

ወዲያው አንዲት ሴት ከዝናቡ ሮጣ ገባች።

«ኧረ በማርያም! በዚህ ብርድ መስኮት ይከፈታል? ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል!»

ጋሽ ዘርጋው ከሻርፑ ውስጥ፣ «የለም፣ የለም!» አሉ። «መስኮቱ ከተዘጋ ዶክተሩን ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ዶክተሩን ካመማቸው ደብሪቱ... ኧረ ተይ ልጄ፣ ደግመሽ ከሥሩ አታስጀምሪን! ነይ ይልቅ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ።» ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሴትዮዋም ግራ እየገባት ተቀመጠች።

ከሽብሩ በኋላ ወረፋው ቶሎ ቶሎ እያለ ሄደ፤ የዶክተሩ ራስ ምታት ለቋቸዋላ። የሶልያናም ስም ተጠራ። የክትባቱ ነርስ መርፌዋን ጭኗ ላይ ወጋ ስታደርግ፣ ያቺ ሳንባዋ ገና ነው የተባለች ልጅ አንዴ አየሩን ሳበችና ጩኸቷን ለቀቀችው! ጩኸቱ አዳራሹን አልፎ፣ በመስኮቱ ወጥቶ፣ ዝናቡን ጥሶ መንገድ ደረሰ፤ ማዶ ታዛ ሥር የተጠለሉ ሰዎች ዞረው አዩ። ይርገዱ እንደዚያ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምታ አታውቅም። እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

የኔም ወሬ የልጅቱን ጩኸት ተከትሎ በመስኮቱ ወጣ። ያገኘው ሰው ይቀጥልበት።