ቀድሞ የታተመው የአቋም መግለጫ

አንድ አገረ ገዥ በወንዙ ላይ ድልድይ ሊያሠራ አሰበና «የት ይሠራ?» በሚል ርዕስ የሁለት ቀን ውይይት ጠራ። ሹማምንቱ ከፊት፣ የፖሊሲ ትምህርት የሚማሩ ተማሪዎች ከኋላ ተቀመጡ። ለሁሉም ቦርሳ፣ እስክሪብቶና የታሸገ ውኃ ታደለ።

ከተማሪዎቹ አንዷ የመጣችው ለቦርሳው ብላ አልነበረም። ባለፈው ክረምት እህቷ ምጥ ይዟት፣ ታችኛው መልካ ላይ ወንዙ እስኪጎድል ስትጠብቅ ሞታለች። ጤና ጣቢያው ከማዶ ይታይ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን እጇን ስታወጣ የመድረክ መሪው «ጥያቄ በጽሑፍ ነው» አላት። ጻፈች፤ አልተነበበላትም። በሁለተኛው ቀን፣ ለምሳ አምስት ደቂቃ ሲቀር፣ ድምፅ ማጉያው ደረሳት።

«ጌታዬ፣ የቀረበልን እቅድ ድልድዩ ከመኖሪያዎ ፊት ለፊት ይሠራ ይላል። እዚያ የሚሻገረው የእርስዎ መኪና ነው። ወላዶች የሚሻገሩት በታችኛው መልካ ነው። እህቴን ከነልጇ የቀበርናት እዚያው ነው።»

ገዥው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ልጄ፣ ልቤን ነክተሽዋል። እንደ ግብዓት እንወስደዋለን።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ብኖር ሳላጨበጭብ አልቀርም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ከምሳ በኋላ የስብሰባው ጸሐፊ የአቋም መግለጫ አነበበ፦ «እኛ ተሳታፊዎች ለሁለት ቀናት በሰፊው ከመከርን በኋላ፣ ድልድዩ በእቅዱ መሠረት እንዲሠራ በአንድ ድምፅ ተስማምተናል።» አሁንም ተጨበጨበ።

ተማሪዋ ጸሐፊውን በር ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ይህን መቼ ጻፋችሁት?»

«ባለፈው ሳምንት» አላት፣ ምንም ሳያፍር። «ሁልጊዜ ከጥሪ ወረቀቱ ጋር ነው የምናሳትመው። ምነው፣ ስህተት አለው እንዴ?»

ድልድዩ ገዥው ደጅ ላይ ተሠራ። በቀጣዩ ክረምት ታችኛው መልካ ላይ ሁለት እናቶች ሞቱ። ገዥውም «እናቶች ለምን ይሞታሉ?» የሚል ሌላ ውይይት ጠራ።

ተማሪዋ በዚህ ጊዜ ድምፅ ማጉያውን አልጠበቀችም። በቀጥታ ወደ ጸሐፊው ሄዳ መግለጫውን ተቀበለች። ስብሰባው ሊከፈት ሲል ተነሥታ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «የሞቱ መንስኤ የእናቶቹ የግንዛቤ ማነስ መሆኑን በአንድ ድምፅ አረጋግጠናል።»

ወረቀቱን አጠፈችው። «እንግዲህ ተስማምተን ጨርሰናል፤ ወደየቤታችን እንሂድ» ብላ ወጣች። የተከተላት አልነበረም። ምሳ ገና አልቀረበም።

አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። እዚህ ግን እምቢ ያለው ገዥው ነው፤ መከራው የደረሰው በወላዶቹ ላይ ነው። ወስኖ የጨረሰ ሰው ለውይይት ሲጠራን የሚፈልገው እጃችንን ነው፤ ያጨበጨበም እንደ ፈረመ ይቆጠራል።

እርስዎስ፣ ባለፈው ስብሰባ ያጨበጨቡለት መግለጫ መቼ እንደተጻፈ ጠይቀዋል?