አንጓችና የምንጯ ተራ

የአያቶቻችን አያቶች ገና በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ሳሉ፣ ቀይ አፋፍ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሀብት አልነበራትም። የሚፈራላት ዘመድ አልነበራትም። እግር ግን ነበራት። የማወራችሁ ስለዚያ እግር ነው፤ ቀረብ በሉ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

ቀይ አፋፍ ለሁለት የተከፈለች ነበረች፤ ላይ ቤትና ታች ቤት። በመካከላቸው አንዲት ምንጭ አለች። በክረምት ለሁሉም ትተርፋለች። ከጥምቀት በኋላ ግን ትቀጥናለች። ማልዶ የቀዳ ኩልል ያለ ውሃ ያገኛል፣ ዘግይቶ የመጣ ጭቃ ይጨልፋል። ሴቶቹ በየማለዳው ሲጓተቱ፣ እንስራ ሲሰባበር ስለኖረ ሽማግሌዎች አንድ መላ አበጁ። በጥምቀት ማግስት ከየወገኑ አንዲት ሴት ትወጣለች። ቡጢ የምታክል፣ ምስር የተሞላች የቆዳ ከረጢት በእግራቸው እያነጠሩ ይላላካሉ። በእጅ መንካት የለም። ከረጢቷ ከፊቷ የወደቀችባት ተሸነፈች። የአሸናፊዋ ወገን እስከ ክረምት ቀድሞ ይቀዳል። ወንዶቹ ለምን አልተጫወቱም ትሉኝ ይሆናል። ወንዶቹማ ውሃ አይቀዱም ነበር፤ የማይሸከሙት ነገር ምን ያጣላቸዋል?

አንጓች የላይ ቤትም የታች ቤትም አልነበረችም። እናቷ ታንጉት ቆዳ ፋቂ ነበረች። ፋቂዎቹ ከታች ቤት ግርጌ ሦስት ጎጆ ሆነው ይኖራሉ፤ የሚቀዱት ከሁሉም በኋላ ነው። መንደሩ በእነሱ ቁርበት ላይ ይተኛል፣ በእነሱ አንቀልባ ልጁን ያዝላል፣ ከእነሱ ጋር ግን በአንድ ቅል አይጨልፍም። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ተናድጄ ነበር። አሁንም እናደዳለሁ።

ከረጢቷን የሚሰፉትም እነሱው ነበሩ። ታንጉት ትሰፋለች፣ አንጓች ትፈትናለች። አንዲት ከረጢት ለጨዋታ የምትበቃው መቶ ጊዜ ተመትታ ስፌቷ ካልተተረተረ ነው። በቀኝ እግር ሃምሳ፣ በግራ እግር ሃምሳ። መሬት ከነካች ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። አንጓች ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ይህን ሠራች። እናቷ ስትሰፋ እሷ ታነጥራለች፣ እናቷ ስትፍቅ እሷ ታነጥራለች። የመንደሩ ሰው እያየ ያልፋል፤ ልብ ብሎ ያያት ግን አልነበረም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ በጨዋታው ቀን ማለዳ፣ የታች ቤቷ ተጫዋች ድንጋይ አደናቅፏት ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ተተኪ የለም። የታች ቤት ሴቶች አለቃ እቴቴ ብርቄ፣ ከረጢቷን ይዛ የመጣችውን አንጓችን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አንቺ፣ ይችን ነገር ትችያለሽ?»

«እሞክራለሁ፣ እቴቴ።»

ላይ ቤቶች ፋቂ አይቆጠርም ብለው አጉረመረሙ። ዳኛው አያ ቢሻው ጥቂት አሰቡና «ሕጉ እግር ይላል፤ የማን እግር አይልም» አሉ። ገባች። የላይ ቤቷ ላከች፣ አንጓች መለሰች። ላከች፣ መለሰች። ላከች፣ መለሰች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የላይ ቤቷ እግር ዛለ፣ ከረጢቷም ወደቀች። ታች ቤት እልል አለ። አንጓችን ግን ያቀፋት የለም።

በማግስቱ እናትና ልጅ እንስራቸውን አዝለው ማልደው ሄዱ። አንጓች ተራችን ደረሰ ብላ ልቧ ሞልቶ ነበር። እቴቴ ብርቄ በምንጯ አፍ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

«እግዜር ይስጥልን፣ ልጄ። እኛ ስንጨርስ ትቀጃለሽ።»

ተቀምጠው ጠበቁ። ታች ቤት ቀዳ። ላይ ቤት ቀዳ። የተረፈውን ጭቃ ወስደው በነጠላ አጠለሉት። ታንጉት ለምዳዋለች። አንጓች ግን መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይጠሯታል፣ በየዓመቱ ታሸንፋለች፣ በየዓመቱ ጭቃ ትቀዳለች። «ለከርሞ እናያለን» ይሏታል። ለምን ትጫወት ነበር? እናቷ አንድ ቀን እንኳ ቀድማ እንድትቀዳ ትፈልግ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ታንጉት ግን ከርሞን አልጠበቀችም፤ ኩልል ያለውን ውሃ ሳትቀምስ ሞተች።

አንጓች አግብታ ወለደች። መጫወት በጀመረች በስምንተኛው ዓመት ሊጠሯት ሲመጡ፣ ሴት ልጇ በጭቃው ውሃ ሆዷን ታማ እየተንሰቀሰቀች ነበር። አንጓች ከደጃፏ አልተነሣችም። «እግሬ የታች ቤት ከሆነ እንስራዬም የታች ቤት ነው» አለቻቸው። «ካልሆነ እግሬ እዚሁ ከኔ ጋር ይቀመጣል።» ወጡ፣ ተማከሩ፣ ተመለሱ። እቴቴ ብርቄ ራሷ፣ በአያ ቢሻው ፊት፣ አብረን እንቀዳለን ብላ በማርያም ስም ማለች።

ሕፃኗ ግን ከእናቷ አልለቅ አለች። አንጓች በአንቀልባ አዝላት ገባች። ላይ ቤቶች ሳቁ። ዘላ ብትመታ ልጂቷ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ አልዘለለችም። ከረጢቷን ዝቅ አድርጋ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ሳታርቅ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው እየተወዛወዘች አነጠረች። ላከች፣ መለሰች። ላከች፣ መለሰች። ልጂቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ከረጢቷ ከላይ ቤቷ ተጫዋች ፊት ስትወድቅም አልነቃችም።

ሦስቱ ጎጆዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ከታች ቤት ጋር ቀዱ። አንጓች በመጀመሪያው ማለዳ ለልጇ በእፍኟ አጠጣች። ሁለተኛውን እፍኝ መሬት ላይ አፈሰሰችው። የማን ድርሻ እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። አንጓች አልተሸነፈችም። ፀጉሯ ሸበተ፣ ጉልበቷ ሲታጠፍ ይንቋቋ ጀመር፣ አሁንም አልተሸነፈችም። ታች ቤት «እግራችን» ይላት ነበር። ላይ ቤት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ቀዳ።

ከዚያ ክፉው ዓመት መጣ። ዝናብ ጠፋ። ምንጯ እንደ ክር ቀጠነች። ቀድሞ የሚቀዳው ወገን ይጨርሳታል፤ ከኋላ ያለው እንስራውን ሰቅሎ አገሩን ለቆ መሄድ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። አንጓች ከተሸነፈች ሦስቱ ጎጆዎች ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ የልጅ ልጆቿም ጭቃውን እንኳ አያገኙም።

ላይ ቤት ስንዱ የምትባል ልጅ አወጣ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አንጓች ሁለት ጊዜ እንደተላላኩ የልጂቷ ግራ እግር እንደሚዘገይ አየች። አንድ ጠበቅ ያለ ምት ወደ ግራዋ፣ ነገሩ አለቀ። ታች ቤቶችም አይተዋል፤ «በግራዋ ላኪባት!» ይላሉ። አንጓች ቀና ብላ ከስንዱ ኋላ ያሉትን ሴቶች አየች። አንዷ ባዶ እንስራ ታቅፋ ቆማለች። ይህን አቋቋም ታውቀዋለች፤ የእናቷ ነው። እኔ የጠጣሁትን ማንም አይጠጣ አለች በልቧ።

በቀኟ ላከችላት። ዝቅ አድርጋ፣ አለስልሳ። ስንዱ መለሰች። በቀኟ ላከችላት። ስንዱ መለሰች። ልጂቷ ተሳስታ ወደ ጎን ስትመታ፣ አሮጊቷ ሮጣ በጣቷ ጫፍ ደርሳ መለሰችላት። ስንዱ ግራ ገባት።

«እማማ፣ ለምን?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ላኪ፣ ልጄ።»

የታች ቤት ሰዎች ሰደቧት። «ሸጠችን!» አሉ። አላቆመችም። ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ዘቀዘቀች፣ ከረጢቷ ግን አልወደቀችም። ይህ ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ያን ሁሉ ሕግ ሲያወጡ፣ ሁለት ሴቶች ላለመጣል ሊጫወቱ ይችላሉ ብለው አላሰቡም ነበር። ዳኝነቱን የወረሱት የአያ ቢሻው ልጅ ተነሥተው ቆሙ።

«አንጓች፣ ይብቃ፤ መሽቷል።»

«ማን ይቀዳል፣ አያ?»

«ማንም አልተሸነፈም። ምን ብዬ ልፍረድ?»

«እስኪፈረድ ከረጢቷ አትወርድም» አለች። ላከች። ስንዱም ገባት፤ መለሰች።

ዳኛው ወደ ላይ ቤት አዩ፣ ወደ ታች ቤት አዩ። ከዚያ ፈረዱ። ከየጎጆው አንዳንድ እንስራ፣ በየተራ። ዛሬ የጀመረው ቤት ነገ መጨረሻ ይሆናል። ፋቂ ቢሆን፣ ጨዋ ቢሆን፣ ጎጆ ጎጆ ነው። ስንዱ ከረጢቷን በእጇ ቀለበቻት። አንጓች እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ተደግፋ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው። ከዚያ ወዲያ ሳታነክስ አልሄደችም። ከታች ቤት አንዳንዶቹ እስክትሞት ሰላም አላሏትም። ምንጯ ግን እስከ ክረምት አደረሰቻቸው፤ አገሩን ለቆ የሄደ አንድም ቤት የለም።

ዛሬም በጥምቀት ማግስት በቀይ አፋፍ ሁለት ሴቶች ፀሐይ እስክትጠልቅ ከረጢት ይላላካሉ፤ ልትጥልባት የምትሞክር ግን የለችም። ሰው ለሰው ከባድ ነገር ሲያቀብልም «እንደ አንጓች አቀብለኝ» ይባላል፤ ልይዘው እንድችል አድርገህ ስጠኝ ማለት ነው።

እኔ የላይ ቤት ሰው ነኝ። ስንዱ የአያቴ አያት ናት። ያን ቀን ከረጢቷ በግራዋ መጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ የማወራችሁ እኔ አልኖርም ነበር።