እንዳይጠፋ ብቻ የሚፈራ ኮምፒውተር

አንዲት ሴት ኮምፒውተር ልትገዛ ወጣች። አዲስ አይደለም፤ ያገለገለ። ለአዲስ አቅሟ አይደርስም።

ይህች ሴት ከዚህ ርቆ ባለ ከተማ፣ ከፍርድ ቤት ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አቤቱታ ትጽፋለች። ሰው ጉዳዩን ይነግራታል፤ እሷ ተይባ፣ አትማ ትሰጠዋለች። ኮምፒውተሯ ከደከመ ሰነባብቷል። በዚያ ጠዋት አቶ ሎምቤቦ የሚባሉ ሽማግሌ የቤት ይግባኛቸውን ሊያስጽፉ አጠገቧ ተቀምጠው ሳለ ስክሪኑ ጠቆረ። ደጋግማ ሞከረችው፤ አልተነሣም። ይግባኙ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ነገ ነው።

«አባቴ፣ እዚሁ ይጠብቁኝ» አለቻቸው።

«የት እሄዳለሁ ልጄ? ቤቴ ያለው አንቺ በምትጽፊው ወረቀት ላይ ነው» አሏት።

ምን ተሸክማ እንደ ወጣች አስቡት።

ወደ ማቲዎስ ሱቅ ሄደች። ማቲዎስ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ይሸጣል፤ እሷ በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያንም ዘማሪ ነው። ስትገባ ወንበር ሳበላት፤ ሻይ አዘዘላት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒውተር በርቶ ይጠብቃታል። ጥቁር፣ የተወለወለ፣ አንድም ጭረት የሌለበት።

«ለሌላ ሰው በዚህ ዋጋ አልሰጥም» አላት። «አንቺ እህቴ ስለሆንሽ ነው።»

ሴቲቱ ግን ጠንቃቃ ነበረች። የምትመረምረውን አስቀድማ በደብተር ጽፋለች። የጎኑን ክዳን አስከፈተች። አቧራውን አየች። አፍንጫዋን አስጠግታ የተቃጠለ ነገር እንዳይሸት አረጋገጠች። ፍላሿን በየቀዳዳው እየሰካች ሞከረች። ረጅም ጽሑፍ ከፍታ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ሁሉም ደኅና ነው። በየመስመሩ አጠገብ ምልክት አደረገች።

«ልትገዢው ነው ወይስ ልጅሽን ልትድሪለት?» አላት ማቲዎስ።

ሳቀች። አንድ መስመር ቀርቷታል። እንዲህ ይላል፦ «አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ማስነሣት።»

አነበበችው። ደብተሩን ዘጋችው።

ለምን ዘጋችው? ረስታው ነው? አልረሳችም፤ አሁን አነበበችው። ይሉኝታ ያዛት። ሻዩን ጠጥታለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። እሑድ እሱ ሲዘምር እሷ እጇን አንሥታ ትከተለዋለች። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ብለው «አጥፋው» ይሉታል? ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን በመጨረሻው መስመር ላይ ደብተራችንን የዘጋን?

ቦርሳዋን ከፈተች። እጇ ገንዘቡ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ አቶ ሎምቤቦ ታወሷት፤ በክፍሏ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ይኸኛውም በይግባኙ መካከል ቢጠቁርባትስ? እጇን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ማቲ፣ አጥፋው።»

«አታምኚኝም?»

«አምንሃለሁ። አጥፋው።»

አጠፋውና ወዲያው መልሶ አበራው። ተነሣ። «ይኸው» አላት።

«እንዲህ አይደለም። ገመዱን ንቀለው። ይቀዝቅዝ።»

ነቀለው። ማራገቢያው ዝም አለ። ሁለቱም ተቀመጡ። አምስት ደቂቃ። ዐሥር ደቂቃ። ማቲዎስ መቀለዱን ትቷል። አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ዋጋ ጠየቀው፤ «ኋላ ና» አለው። መዳፏን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፈች፤ ገና ለብ ይላል። ጠበቀች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ደግማ ነካችው። ቀዝቅዟል።

«አሁን» አለችው።

ገመዱን ሰክቶ ማብሪያውን ተጫነ። መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደግሞ ተጫነ። ምንም የለም። ለሦስተኛ ጊዜ እጁን ዘረጋና ተወው።

«ጠዋት ስንት ጊዜ ሞከርከው?»

አንገቱን ደፋ። «ሰባት ጊዜ። ከተነሣ በኋላ አንቺ እስክትመጪ አላጠፋሁትም። ይሠራል እኮ እህቴ፤ እንዳይጠፋ ብቻ ነው።»

«እኛ ከተማ ነው መብራት የማይጠፋው?» አለችው።

ማቲዎስ የተወለወለውን ወደ ጎን ገፋው። ተነሥቶ ከመደርደሪያው ሥር ሌላ አወጣ። ቀለሙ የወየበ፣ ጎኑ የተፋፋቀ። «ይሄን ማንም አይጠይቀኝም» አላት። ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ የቆየ ነው። ሰካው፤ ተጫነው። ቀስ ብሎ፣ እያጓራ፣ ተነሣ። ገመዱን አስነቅላ ደግማ አስነሣችው። ተነሣ። ያንን አቅፋ ወጣች። ይግባኙ በማግስቱ ከቀትር በፊት ገባ።

ማቲዎስ ላይ አትፍረዱ። ሲበራ የሚታየውን አልዋሸም። የፈራው ሲጠፋ የሚታየውን ነው። እኛስ?

እሑድ እዚህ ቤተ ክርስቲያን የምትደርሱት በርታችሁ ነው። ከበሮው ያሞቃችኋል፤ የጎረቤታችሁ እልልታ ያሞቃችኋል። ስትሞቁ ቃላችሁ ለስላሳ ነው፤ ይቅርታም አይከብዳችሁም። ከመካከላችሁ ዛሬ ጠዋት ሰባት ጊዜ ሞክሮ የመጣ እንዳለ ማን ያውቃል? ጥያቄው ግን ማክሰኞ ነው። ማንም በማያሞቃችሁ ሰዓት የበደላችሁ ሰው በራችሁን ቢያንኳኳ፣ ከውስጣችሁ ምን ይወጣል?

«ትዳሬ ደኅና ነው፤ የሚስቴ እናት ጉዳይ እንዳይነሣ ብቻ ነው» ትላላችሁ። «ልጄን እወዳታለሁ፤ እንዳትቃወመኝ ብቻ ነው» ትላላችሁ። «እምነቴ ጽኑ ነው፤ እንዳልታመም ብቻ ነው» ትላላችሁ። ይህ «ብቻ» የማቲዎስ «ብቻ» አይደለም ወይ?

ጌታን «መርምረኝ» እያላችሁ ትለምናላችሁ። ከዚያ ግን ሻይ ታቀርቡለታላችሁ፤ ወንበር ትስቡለታላችሁ፤ የተወለወለውን ታሳዩታላችሁ። እሱ ይሉኝታ የለበትም። «አጥፋው» ይላችኋል። የሚላችሁ ሊጥላችሁ አይደለም። አጠገባችሁ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ስላለ ነው፤ ነገ የእናንተን መነሣት የሚፈልግ ሰው።

ስለዚህ ዛሬ ከስብከቱ በኋላ መዝሙር አይኖርም። መዘምራን፣ ባላችሁበት ቆዩ። ኪቦርዱን ማንም አይንካው። ማይክሮፎኑንም አሁን አጠፋዋለሁ። ዝም ብለን እንቀመጥ፤ እስክንቀዘቅዝ እንጠብቅ።

ከዚያ፣ ከቻልን፣ እንጸልያለን።