የተለቀለቀው ቁና

«አንድ የጎተራ ሹም ነበረ» አሉ የኔታ ልሣነወርቅ፣ ጥያቄውን ሰምተው ሲያበቁ።

ጠያቂው የድሮ ተማሪያቸው ይልቃል ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ገንዘብ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ወጪው ከገቢው እየበለጠ ጉድለቱ ስለሰፋ፣ ለቀድሞ ወታደሮችና ለጦር ጉዳተኞች የሚሰጠው ይቀነስ ወይስ በሕዝቡ ላይ ግብር ይጨመር የሚለውን በማግሥቱ ለአለቆቹ እንዲያቀርብ ታዟል። ከታዘዘ ወዲህ ምግብም እንቅልፍም አልተስማማውም። «የኔታ፣ ከሁለቱ የቱ ይሻላል? እርስዎ ቢሆኑ ማንን ያስከፉ ነበር?» ብሎ ነው የጠየቃቸው። የኔታ ደግሞ ድሮም ቢሆን ሲጠየቁ መልሱን በቀጥታ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ምሳሌውን ቀጠሉ።

ይህ ሹም የሚኖርበት አገር ደጋ ነው። ከበታቹ ቆላ አለ፤ ከቆላው ወደ ደጋው የሚያስወጣው አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው። በዚያ በር ሽፍታ እየወጣ ከብት ይነዳል፣ እህል ይጭናል። አንድ ጊዜ የመንደሩ ጎልማሶች በሩን ዘግተው ተዋጉና ሽፍታውን መለሱት። ያሰለፋቸውም ይኸው ሹም ነበር። ከተዋጉት ውስጥ እዚያው የቀሩ አሉ፤ የተመለሱትም ሙሉ ሆነው አልተመለሱም። አንዱ ዓይኑን፣ አንዱ ክንዱን፣ አንዱ እግሩን ትቶ መጣ። መንደሩ ተሰብስቦ «እኛ እየበላን እናንተ አትራቡም» ብሎ ማለላቸው። ገበሬው ሁሉ ከአዝመራው ለጋራ ጎተራ ግብር እንዲያገባ፣ ከጎተራውም ለእነዚህ ሰዎች በየወሩ ድርጎ እንዲሰፈርላቸው ተወሰነ። ከዚያ ወዲያ የበር ሰዎች ተብለው ተጠሩ።

መስፈሪያው አንድ ቁና ነው። ከሣር የተሰፋ ነው፤ እህል እንዳያፈስ ውስጡ በእበት ተለቅልቋል። ሰው ሁሉ እንዲያየው ከጎተራው ደጃፍ ይሰቀላል። ገበሬው ግብሩን ሲያገባ በእሱ ይሰፈራል፤ የበር ሰዎች ድርጎአቸውን ሲቀበሉም በእሱ ይሰፈራል። ጠብ እንዳይነሣ ብለው ሌላ ቁና ወደ ጎተራው እንዳይቀርብ ሽማግሌዎቹ ከለከሉ።

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ምሳሌም አያስፈልገው፣ ርግማን ይበቃው ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ወጣ። ገበሬው ያገባው ግብር ትንሽ ሆነ፤ ድርጎው ግን ያው ነው። ሹሙ በየጠዋቱ ጎተራው ውስጥ ገብቶ በትሩን እህሉ ላይ ይሰካል። በትሩ ትናንት ከቆመበት ዛሬ ዝቅ ይላል። ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ የቀረበለትን ምግብ እንዳለ ታነሣለች።

«ምን ሆነሃል?» ትለዋለች።

«ምንም።»

«ምንም የሚባል በሽታ እንዲህ ሰው ያከሳል እንዴ?»

አንድ ቀን ግብር ጨምሩ ሊል ወጣና ወደ አንዲት ጎረቤቱ ቤት ጎራ አለ። ሴትዮዋ ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ ናት። ገና አፉን ሳይከፍት፣ «ጌታዬ፣ ለዘር ያስቀመጥኳትን እየቆነጠርኩ ነው፤ አምላክ ክረምቱን ያሳጥርልን» አለችው። «አሜን» ብሎ ወጣ። በሌላ ቀን ደግሞ ድርጎው ሊቀነስ ነው ሊል ከበር ሰዎች ወደ አንዱ ሄደ። ሰውየው እግሩን በሩ ላይ ትቶ የመጣው ነው፤ ሰው ባለ ምርኩዙ ይለዋል። ባለ ምርኩዙ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣና፣ «አንተ እኮ ባትኖር ማን ያስበን ነበር፤ ልጆችህን ይባርክልህ» ብሎ መረቀው። ሹሙ ስለ ከብት፣ ስለ ብርዱ አወራና ተመለሰ። ወዲህ ቢል ገደል፣ ወዲያ ቢል ገደል ሆነበት። ማንንም ሳያስከፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልግ ጀመር። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው መጨረሻው አያምርም።

ቁናው በየዓመቱ የሚለቀለቅበት ጊዜ ደረሰ። የምትለቀልቀው ሚስቱ ናት። ዘንድሮ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ስትነሣ፣ «ተይው፣ እኔ እለቀልቀዋለሁ» አላት። ባሏ እበት ነክቶ አያውቅም። «አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮስ ምን ነክቶሃል?» ብላ ሳቀችበትና ሥራዋን ያዘች። እሱ ከጓሮ ተቀመጠና ለቀለቀ። አንዱ ሲደርቅ ሌላ ደረበበት፤ እሱም ሲደርቅ እንደገና ደረበበት። በስተውጭ ቁናው ያው ቁና ነው። በስተውስጥ ግን ወለሉ ወደ አፉ ከፍ አለ።

«አልቀነስኩም» አለ ለራሱ። «የተማለው አንድ ቁና ነው፤ የምሰጠውም አንድ ቁና ነው። ገበሬውንም አልነካሁ፣ የበር ሰዎችንም አላስከፋሁ።» የዚያን ዕለት ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ድርጎ የሚሰፈርበት ቀን መጣ። ባለ ምርኩዙ ስልቻውን ዘረጋ። ድርጎው ሲሰፈርለት ስልቻው እስከ ማሰሪያው ነበር የሚሞላው፤ ያን ቀን ግን ጎድሎ አንገቱ ላይ ታጠፈ። ባለ ምርኩዙ የታጠፈውን አየ፣ ሹሙንም አየ። ሹሙ የስልቻውን ማሰሪያ የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ ሆነ። የበር ሰዎች ሚስቶች ሊጡን ማቅጠን ጀመሩ። ሹሙ በመንገድ ባለ ምርኩዙን ከሩቅ ሲያይ በሌላ መንገድ ይዞራል። ጎተራው ትንሽ ቀና አለ፤ የሹሙ ልብ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ አዝመራው ደረሰ። መልካም አዝመራ ነበር። ገበሬው እህሉን በአህያ እየጫነ ወደ ጎተራው መጣ። ሹሙ ቁናውን ከተሰቀለበት አወረደ። የመጀመሪያው ገበሬ ጆንያውን ፈትቶ አፈሰሰ። ቁናው ወዲያው ሞላ። ጆንያው ገና እንደወፈረ ነው።

«ሞላ?» አለ ገበሬው።

ያኔ ነው ሹሙ የገባው። ጭንቀት አንድ ዓይና ነው፤ የሚያየው በፈራበት በኩል ብቻ ነው። ሲለቀልቅ ያሰበው ከጎተራው ስለሚወጣው እህል ነበር፤ ስለሚገባው አላሰበም። ድርጎውን ያጎደለው ቁና ይኸው የገበሬውንም ግብር ሊያጎድል ተቀመጠ። ቁናው ጎዶሎ ነው ቢል ጉዱ ሊወጣ ነው፤ ዝም ቢል ጎተራው ባዶ ሊቀር ነው። ዝም አለ። ገበሬዎቹ ተራ በተራ እየሰፈሩ፣ «ዘንድሮስ ግብሩም በረከት አለው» እየተባባሉ የተረፈውን መልሰው ይጭኑ ጀመር። እሱም ጉድለቱ እየተሰፈረ ሲገባ ያያል።

ባለ ምርኩዙ የመጣው በዚህ መሐል ነው። «ቁናውን እስቲ አንዴ» አለ። ማንም አልከለከለውም። እህሉን ደፋና አውራ ጣቱን ወለሉ ላይ ተጫነ። የደረቀው እበት ተሰነጠቀ። ጥፍሩን አስገብቶ ሲስበው ቅርፊቱ እንደ አክንባሎ ተነሣ። መሬት ላይ አስቀመጠው። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አየው።

«ጎተራው ጎድሎብህ ነበር?» አለ ባለ ምርኩዙ። ድምፁ ቁጣ የለበትም።

«አዎ።»

«መቼ?»

«ክረምት ሳይገባ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ሹሙ ቅርፊቱን ከመሬት አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«በሩ ላይ ሳለን ስንቅ አልቋል ብለህ ነግረኸኛል» አለው ባለ ምርኩዙ። «እነሱ ብዙ ናቸው፣ እኛ ጥቂት ነን ብለህም ነግረኸኛል። ሰምቼህ ቆምኩ። ያኔ እውነት ሰምቶ የቆመ ሰው፣ ጎተራ ጎደለ ሲሉት ይሞታል ብለህ ነው?»

ምርኩዙን አነሣና ሄደ። የዚያን ወር ድርጎውንም አልወሰደም።

ሹሙ ወደ ገበሬዎቹ ዞሮ ለመናቸው። ቁናው ጎዶሎ እንደነበረ ሁላችሁም አይታችኋል፣ የቀረውን ሙሉልኝ አለ። የሚገርመው፣ አብልጠው የተቆጡት ያተረፉት ናቸው። «በቁናህ ሰፍረህ ተቀብለኸናል፤ ከእኛ ጋር ጨርሰሃል» አሉት። አንዱም፣ «የአካለ ጎደሎን ያጎደለ፣ የእኔንስ መች ይተዋል?» አለ። አንዲት አሮጊት ከዳር ሆነው፣ «በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም ስንል ተረት መስሏችሁ ነበር?» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ሹሙ አዲስ ቁና አሰፋ። ማን ይመነው? በሚቀጥለው አዝመራ ሰው ሁሉ የየራሱን ቁና ይዞ መጣ፤ የአንዱ ቁና ከሌላው ያንሳል። ሹሙ የአንዱንም ቁና አነሰ ለማለት አፍ አልነበረውም። ከበር ሰዎች አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ሄደው ከደጀ ሰላም ለልመና ተቀመጡ። መንደሩ እየበላ እነሱ ተራቡ።

ብዙም ሳይቆይ ከቆላው የሽፍታ ጭስ ታየ። ሹሙ ቀንደ መለከት አስነፋ። ጎልማሶቹ ጦራቸውን ይዘው ወጡ፤ መውጣቱንስ ወጡ። «ወደ በሩ!» ሲል ግን አንዱ ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ።

«አንድ ነገር ንገረኝና ልሂድ» አለ። «እግሬ እዚያ ቢቀር፣ በየትኛው ቁና ነው የምትሰፍርልኝ?»

ወደ በሩ የሄዱ ነበሩ፤ ጥቂት ናቸው። የቀሩት ከብታቸውን ወደ ላይ ሊነዱ ወደየቤታቸው ሮጡ።

የኔታ ምሳሌውን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ይልቃል ዞሩ።

«ልጄ፣ ባለ ምርኩዙ ቢነገረው ኖሮ ከድርጎው ይቀንስ ነበር ወይ ብትለኝ፣ አላውቅም። ገበሬዎቹ ቢጠየቁ ይጨምሩ ነበር ወይ ብትለኝም አላውቅም። ሴትዮዋ የዘሯን ልትሰጥ እንደማትችል ግን አውቃለሁ፤ ደልቶት የከረመ ጎረቤት እንደነበራትም እገምታለሁ። ማንም ስላልጠየቃቸው ማንም ሳያውቅ ቀረ። አንተ የጠየቅኸኝ ከማን ይቀነስ፣ በማን ላይ ይጨመር ብለህ ነው። እኔ ግምጃ ቤት ጠብቄ አላውቅምና ያን ሹማምንቱና ሕዝቡ ይምከሩበት። እኔ የማውቀው ቁናው አንድ መሆኑን ነው። ለቆሰለው የምትሰፍርበት ቃል ግብር ከፋዩ አምኖ የሚያገባበት ቃል ነው፤ ነገ የሚዘምተው ልጅም የሚያየው እሱኑ ነው። ጎድሎ እንደሆነ ጎድሏል በላቸው። ሁለቱንም ወገን ፊት ለፊት አስቀምጠህ፣ የእናንተን የሹማምንቱንም ማዕድ አብረህ አስቀምጠህ ንገራቸው። ይጮኹብሃል። ይጩኹ።»

ይልቃል አቀርቅሮ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

«የኔታ» አለ፣ «እኛ እኮ ነገ የምናቀርበውን ቅነሳ አላልነውም።»

«ምን አላችሁት?»

«ማስተካከያ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

«እበቱ እሱ ነው» አሉት።