ስለ ካህኑ ገብረ ኅሩይ ቀኝ እጅና ስለ አባቱ መቋሚያ የተደረገ ተአምር

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ረድኤት ለምትሰሙት ለእናንተም፣ ለምነግራችሁ ለእኔ ለኃጥኡም ይድረሰን፤ ከደዌ ትሰውረን፣ ደዌ ሳይመጣ ስሙን ጠርቶ ከሚያመጣ አንደበትም አብዝታ ትሰውረን። ይህን ተአምር በለሰለሰ ቃል ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ነገሩን ባሰብሁት ቁጥር ግን ደሜ ይፈላልና ታገሡኝ።

ወይራ አምባ በምትባል አገር፣ በማርያም ደብር፣ ገብረ ኅሩይ የሚባል ካህን ነበረ፤ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር፣ እመቤታችንንም ከልጅነቱ ጀምሮ እጅግ የሚወድ ነበረ። በየዕለቱ እህል ውኃ ሳይቀምስ በሥዕልዋ ፊት ቆሞ መልክእዋን ለማድረስ ተስሎ ነበርና ከራስ ጠጉርዋ እስከ እግርዋ ጥፍር እያንዳንዱን አካልዋን ሰላም ይል ነበር፤ እጆችዋን ሰላም የሚልበት ላይ ሲደርስም ቀኝ እጁን ወደ ሥዕልዋ ያነሣ ነበር፤ ይህንም ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳያስታጉል ፈጸመ። አባቱም በዚያው ደብር ካህን ነበሩ፤ በስተርጅና ግማሽ አካላቸው በድን ሆኖባቸው ሦስት ዓመት ከአልጋ ሳይነሡ ዐረፉና የወይራ መቋሚያቸውን ለልጃቸው ተዉለት። እርሳቸው አጭር ነበሩና መቋሚያው ለእርሳቸው ከትከሻ በላይ ነበር፤ ለረጅሙ ልጃቸው ግን ልክ ብብቱ ሥር ይገባ ነበር። ሌላ አስጠርብ ቢሉትም «አባቴ የቆሙበትን እንጨት አልንቅም» ብሎ እንቢ አለ።

በዚያ ደብር ነሐሴ ፲፮ ቀን ታቦቷ ስትወጣ ካህናቱ በየዓመቱ በተራ በራሳቸው ተሸክመው ያከብሯት ነበር፤ ለገብረ ኅሩይም ተራው በተጠባበቀ በዐሥራ አንደኛው ዓመት ደረሰውና እንደ ሕፃን ቀን ይቈጥር ጀመር።

ከዚያም የፍልሰታ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ቀን ከዶሮ ጩኸት ጀምሮ ቆሞ ሲያገለግል መቋሚያውን ቀኝ ብብቱ ሥር አድርጎ ተደገፈና፣ ድካምም ያዘውና እንደ ቆመ አሸለበ፤ ብዙም ቆይቶ ጥና እንዲያነሣ ሲጠሩት ነቃና እጁን ቢዘረጋ እጁ ከአንጓው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ፤ ጣቶቹ አልታዘዙትም፣ ጥናውም በሰው ሁሉ ፊት ወድቆ ፍሙ በምንጣፉ ላይ ተበተነ። ይህም የሆነው አርባ አንድ እግዚኦታ እስኪደርስ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጉንዳን እንደ ሄደበት ወረረውና እጁ ተመለሰ፤ ጣቶቹም እንደ ቀድሞው ተዘረጉ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም የምነግራችሁ አይኖርም ነበር።

በደብሩ ጓንጉል የሚባል ክታብ ጻፊ ደብተራ ነበረ፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን ከደብሩ ዛፎች ሥር አስቀመጠውና «አባ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አይደብቁኝ» አለው። የሆነውን ሁሉ በሰማም ጊዜ ራሱን ነቅንቆ «ይህ አባትዎን የወሰደው ነው። መጀመሪያ እጅን ያንኳኳል፣ ቀጥሎ ምላስን ይይዛል፣ ከዚያ ግማሽ አካልን ይወስዳል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለው።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ሰው ምን እንበለው? ተኝተህ ነበር ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ በምን ተደግፈህ ነበር ብሎ አልጠየቀም፤ ልብሱን ገልጦ አላየም። ከአንድ የወደቀ ጥና ተነሥቶ ሰውን ሦስት ዓመት አልጋ ላይ አስተኛው። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ይህም ሳይበቃው «ማለዳ ማለዳ እህል ሳይቀምሱ ዋንጫ ሙሉ ውኃ በቀኝ እጅዎ ያንሡ፤ ውኃው ከተንቀጠቀጠ ደዌው ገብቷል ማለት ነው» ብሎ አዘዘው።

ገብረ ኅሩይም በማግሥቱ ማለዳ ዋንጫውን ሞልቶ አነሣ፤ ውኃውም ተንቀጠቀጠ። በሦስተኛው ቀን አነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፤ በአራተኛው ቀን ሁለት ጊዜ አነሣ፣ ሁለተኛው ከፊተኛው ባሰ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፣ እንቅልፍም ያጣ ሰው እጅ እንዴት አይንቀጠቀጥ? እርሱ ግን ይህን አላሰበም። ማለዳው የስእለቱ ሰዓት ነበርና ዋንጫው የሥዕልዋን ቦታ ወሰደ፤ የእርስዋን መልክ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ያመሰግን የነበረው ሰው የገዛ አካሉን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ይመረምር ጀመር፤ ጣቶቹን ይቈነጥጣል፣ ምላሱን በውኃ ውስጥ እያየ ተጣሟል ወይ ይላል፣ ቃል ሲያደናቅፈውም ፊቱ ይገረጣል። ስእለቱ በሃያ ሁለት ዓመቱ ተቋረጠ።

ሚስቱ ወለተ ሐዋርያት አስተዋይ ሴት ነበረችና ልብሱን ስትቀይርለት ብብቱ ሥር የጠቆረ ሰንበር አይታ «አንቱ ሰው፣ ይኸው መቋሚያው ነው የበላዎት፤ ሲደገፉበት ውለው ሲደገፉበት ያድራሉ» አለችው።

እርሱም «ደዌው መቀመጫውን እዚያ አድርጓል ማለት ነው» አላት።

«ውኃውስ? እህል ያልቀመሰ እጅ ባይንቀጠቀጥ ነበር የሚገርመኝ።»

«አንቺ ስለምትወጂኝ ነው እንዲህ የምትይው» አላትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰው ታመሃል ያለውን ባዕድ እያመነ፣ ደኅና ነህ ያለችውን ሚስቱን ለምን እንደሚጠራጠር እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወሬውም ደብሩን ዞረ፤ አንዱ «ምላሱ ተያዘ» አለ፣ ሌላው «ታቦቷ አልፈቀደችለትም፣ የተሰወረ ኃጢአት ቢኖርበት ነው» አለ። ከእነዚህ መካከል ያስቀደሱ ነበሩ፤ የቈረቡም ነበሩ። ቄሰ ገበዙም ክፉ ሰው ሳይሆኑ ፈሪ ሰው ነበሩና ጠርተውት «አባ ገብረ ኅሩይ፣ ታቦት ከራስዎ ብትወድቅ ለእርስዎም ለእኛም ወዮልን። እስከ ነሐሴ ዐሥራ አምስት ድረስ የእጅዎን ደኅንነት ያረጋግጡልኝ፤ ያ ካልሆነ ተራዎን ይልቀቁ፣ ጽዋም አይንኩ» አሉት። እርሱም ከመጋረጃው ውጭ ከሕዝቡ ጋር ቆመ። ጽዋ ይዞ ያቈርባቸው የነበሩት ሰዎች ፈቀቅ ይሉለት ነበር፤ ደዌው በትከሻ የሚጋባ ይመስል።

ነሐሴ ፲፬ ቀን ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ሲበተን እርሱ ብቻውን በቅኔ ማኅሌቱ ቀረና፣ በነጋው ሄዶ ተራውን ሊለቅ ቈርጦ፣ መቋሚያውን እንደ ልማዱ ብብቱ ሥር አድርጎ ብዙ አለቀሰ፤ እንባውን ሊጠርግ እጁን ቢያነሣም እጁ እንደዚያን ቀን ተንጠለጠለበት። «እነሆ ደረሰብኝ» ብሎ ጮኸ።

በዚያች ጊዜ ቤተ መቅደሱ ከቀትር ፀሐይ ይልቅ በራና እመቤታችን ከሥዕልዋ ፊት ቆማ ታየችው፤ ፊትዋም የሚያጽናና ብቻ አልነበረም፣ ቁጣም ነበረበት። ቀርባም አንድ ቃል ሳትናገር መቋሚያውን ከብብቱ ሥር ስባ አወጣችው። ከዚያም «ገብረ ኅሩይ ሆይ፣ እጅህ እንደ ሞተ ማን ነገረህ?» አለችው።

እርሱም ወድቆ ሰገደና «ውኃው ነገረኝ፣ እመቤቴ» አለ።

«ሃያ ሁለት ዓመት እጆቼን ሰላም አልህ። ዐሥራ ሦስት ማለዳ በዚህ ቆሜ ጠበቅሁህ፣ አንተ ግን ዋንጫ ታይ ነበር። ሚስትህን እውነቱን ያናገርኋት እኔ ነበርሁ፣ እርስዋንም አልሰማህም። የአባትህ ደዌ የአባትህ ነበረ፤ ሦስቱን ዓመት ከአልጋው አጠገብ አልተለየሁትም። አንተም የምትሞትበትን ቀን እኔ አውቀዋለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ራስህን በየማለዳው አትቅበር፤ የማንንም ቀብር ማንም እንዲያፋጥን አልፈቀድሁም።»

ይህንም ብላ ቅዱስ እጅዋን በመቋሚያው ላይ ከታች ወደ ላይ ብታሳልፈው፣ ያ አርባ ዓመት የደረቀ ወይራ በአንድ ስንዝር ረዘመ፤ ያለ ውኃ የለመለመችው የአሮን በትር እርስዋ ናትና። መቋሚያውን በእጁ ሰጥታው ተሰወረች። እርሱም ቆሞ ቢለካው ከትከሻው በላይ ሆነ፤ እጁም አርባ አንድ እግዚኦታ ሳይደርስ ተመለሰ።

በማግሥቱ መቋሚያውን ይዞ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄዶ የሆነውን ሁሉ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ተናገረ፤ የአባቱ የመስቀል ምልክት በእጀታው፣ ያረጀው ብረትም በግርጌው እንዳለ ነበርና ያወቁት ሁሉ ተደነቁ። ጓንጉል ግን «እንጨት ይለወጣል፤ ደዌ ግን አይለወጥም። ውኃውን ያንሣና እንይ» አለ።

በዚህ ጊዜ ወለተ ሐዋርያት ከሴቶቹ መካከል ወጣች፤ ዋንጫውን በነጠላዋ ሥር ይዛ መጥታ ነበርና እስከ አፉ ሞልታ በሁለት እጅዋ ለጓንጉል ዘረጋችለት። «መጀመሪያ እርስዎ ያንሡ፣ ጌታዬ» አለችው።

እንቢ እንዳይል ሰው ሁሉ ያየው ነበርና አነሣ፤ ውኃውም ተንቀጥቅጦ በእጅጌው ፈሰሰ። ቄሰ ገበዙ ተቀብለው አነሡ፣ ተንቀጠቀጠ። ዋንጫው ከካህን ወደ ካህን፣ ከሽማግሌ ወደ ጐልማሳ ዞረ፤ ሁሉም ጾመኞች ነበሩና በአንዱም እጅ ውኃው አልረጋም። የተሰወረ ኃጢአት አለበት ያሉት ሰዎች ተራቸው ሲደርስ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ቄሰ ገበዙም «አባ፣ እኔን ይፍቱኝ» ብለው አጐነበሱለት። ጓንጉል ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ የሚጠጣው ዐይኑን ጨፍኖ ነበር ይባላል፤ አላዘንሁለትም።

ነሐሴ ፲፮ ቀን ማለዳ ገብረ ኅሩይ አስቀድሞ በሥዕልዋ ፊት ቆሞ መልክእዋን ከራስ ጠጉርዋ እስከ እግርዋ ጥፍር አደረሰ፤ ከዚያም ታቦቷን በራሱ አክብሮ ወጣ፤ እልልታውም አምባውን ሞላው። ምእመናን ሆይ፣ አልዋሻችሁም፤ ሦስት ጊዜ ሲዞር እጆቹ ከራቡም ከደስታውም የተነሣ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ሚስቱም አየች፣ እርሱም ዐወቀ። እርሱ ግን እጁን አላየም። ታቦቷም በሰላም ወጥታ በሰላም ገባች።

እንግዲህ ለእርሱ የደረሰች እመቤታችን ለእኛም ትድረስልን፤ በእውነት የታመማችሁትን ትፈውሳችሁ፣ ሳትታመሙ የምትሰጉትንም ከስጋታችሁ ታሳርፋችሁ፤ በሰው ላይ ደዌ የጠራችሁትንም አንደበታችሁን ይቅር ትበልላችሁ። የሚንቀጠቀጠውን እጃችንን ደግፋ እስከ ፍጻሜያችን ታድርሰን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።