የፍየሏ እንገር

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ካበደራችሁኝ አፍ አላጣም።

አንዲት ፍየል በክረምት መግቢያ ወለደች። ግልገሉ ገና በእግሩ ሳይቆም ጎረቤቷ እመት በግ ቅቤ ይዛ ደረሰች።

«ይሄን ቢጫ እንገር አልበሽ ድፊው፤ መግል ነው» አለቻት። «ነጩ ወተት እስኪወርድ ቅቤ ይላስ። እናቶቻችን ሞኝ አልነበሩም።»

ፍየሏ ግልገሏን እየላሰች ዐምናን አሰበች። ያኔ እንደተመከረችው እንገሩን ደፋች፣ ቅቤ አላሰች፤ በዘጠነኛው ቀን ልጇን ቀበረች።

«እትዬ፣ ቅቤውን ለጸጉርሽ አድርጊው» አለችና ግልገሏን ወደ ጡቷ አስጠጋችው።

«የዛሬ ወላድ!» ብላ በጓ እያጉረመረመች ሄደች።

በሳምንቱ ተቅማጥ በዝንብ ጀርባ ተፈናጦ መንደሩ ገባ። ሁለት በረት አስለቅሶ ግልገሉ ዘንድ ደረሰ። አንዴ ገፋው፣ ደግሞ ገፋው፤ ግልገሉ አልወደቀም።

«አንተን ደግሞ ማን አስታጠቀህ?» አለው።

ግልገሉ ጡቱን እየጠባ ጭራውን ቆላ። ተቅማጥም ወጥቶ ሄደ።

በመስከረም እመት በግ ወለደች። ፍየሏ በዚያው ቀን ልትጠይቃት ብቅ ስትል፣ በጓ አንገቷን እንኳ ሳታዞር፣ «ቀስ ብለሽ ግቢ» አለቻት፤ «ጠቦቴ አሁን ገና ጡት ያዘልኝ።»

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈች፤ እኔንም አሳርፉኝ።