የደብሬ መልካ ድምፅ

ዛሬ በደብሬ መልካ የሚሻገር ሰው፣ ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ዞሮ ከጉሮሮው ሥር አንድ ድምፅ ያወጣል። እንግዳ ቢሰማው ሰው የታነቀ ይመስለዋል። በእኛ አማርኛ የሌለ ድምፅ ነውና ከየት መጣ ቢባል፣ ሽማግሌዎቹ፣ ይልቁንም አሮጊቶቹ፣ እንዲህ ይላሉ።

ድሮ፣ መልካው ገና ስም ሳይወጣለት፣ ወይዘሮ ደብሬ የሚባሉ ባለጸጋ ሴት ለልጃቸው ከሰሜን፣ ከሩቅ አገር፣ ለተኪሮስ የምትባል ሙሽራ አመጡለት ይባላል። ለተኪሮስ ባለሙያ ነበረች። ነገር ግን በአገሯ ንግግር ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ አለና፣ አፏን በከፈተች ቁጥር ጎረቤቱ ይስቅባት ጀመር።

«ኧረ ውሃ አቀብሏት፣ አጥንት ተሰንቅሮባታል!»

«ደብሬ፣ ምራት ብለሽ ግመል አመጣሽብን?»

ሳቁ ያቃጠለው ደብሬን ነው። አንድ ቀን ምራታቸውን ጓዳ ጠርተው፣ «ያንን ድምፅ ሁለተኛ እንዳታወጪው፤ በሞቴ!» አሏት። አማት በሞቴ ካለች ምን ይባላል? ለተኪሮስም ዋጠችው።

እንደሚነገረው፣ ልጇ ትርንጎ ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ አማትና ምራት ልብስ ሊያጥቡ ወደ መልካው ወረዱ። ከመልካው በላይ ያለው ፏፏቴ ጆሮ ያደነቁራል። ደብሬ ከዳር ሆነው በእንዶድ ያሻሉ፤ ሕፃኗ ከወንዙ መሐል በደረቀው አሸዋ ላይ ትጫወታለች፤ ለተኪሮስ ደግሞ ከአፋፉ ላይ፣ ቁጥቋጦው ላይ የታጠበውን ታሰጣለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቀና ስትል ደራሽ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ሲመጣ አየች።

በአገሯ ደራሽ ሲመጣ የሚጣሩት በዚያው በጉሮሮ ድምፅ ነው፤ የውሃን ጩኸት ሰንጥቆ የሚያልፍ እሱ ብቻ ነው ይላሉ። አፏን ከፈተች። በሞቴ ያሏት ትዝ አላት።

«እማዬ፣ ይውጡ! ትርንጎን ያውጧት!» ብላ እንደ አገሬው ጮኸች። ደብሬ ስለ ልብሱ የምትል መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙላት። ያን ጊዜ በሞቴውን ጥሳ ከጉሮሮዋ ለቀቀችው። ደብሬ ሰምተው ቀና ሲሉ ደራሹን አዩ፤ ብድግ ብለው ወደ ሕፃኗ ሮጡ፤ ውሃው ግን ቀደማቸው።

ለቅሶው ሲያልፍ ሰው ሁሉ «የእግዜር ቁጣ ነው» ቢል፣ ደብሬ «እግዜርን ተዉት፤ የኔ ነው» ይሉ ነበር አሉ። ምራታቸው እግር ላይ ሊወድቁ ቢሞክሩ አልፈቀደችም።

«እንግዲያ አስተምሪኝ» አሏት።

ለተኪሮስ የአማቷን ጣቶች አንሥታ አንገቷ ላይ አደረገች። «የምላስዎን ሥር ወደ ኋላ ይሳቡት። ጉሮሮዎን ያጥብቡት፣ ግን አይዝጉት፤ ድምፁ ታሽቶ ይውጣ።»

ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ከመልካው ዳር አልጠፉም፤ ለሚሻገረው ሁሉ ወደ ላይ እያዩ ይጣሩለት ነበር። ሆኖም ያረጀ ጉሮሮ ነውና አንድ ቀን እንኳ አስተካክለው አላወጡትም፤ መሐሉ ላይ እየተሰበረ እንደ ሳግ ያደርገዋል።

ዛሬም እናቶች ድምፁን ሲያስተምሩ የልጆቻቸውን ጣት አንገታቸው ላይ ያስይዛሉ። ከሰሜን የሚመጡ ነጋዴዎች ሲሰሙን «የኛው ድምፅ ነው፤ ግን መሐሉን ምን ነካው?» ይላሉ። ላቅናው ላለ ሰው ማቅናቱ አይከብድም ይሆናል። ማንም አያቀናውም፤ ልጆቻችን ከነስብራቱ ይማሩታል።